የብርቱካን ልጣጭ፦ ስለ እርግዝናና ሲጋራ ለጻፋችሁልኝ

ባለፈው እትም ስለ ደም ማነስ ጽፌ ስጨርስ «የምታጨስ ነፍሰ ጡር ካለች ትጻፍልኝ፣ ስም አያስፈልግም» የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሦስት ደብዳቤ ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። የመጣው ግን አምዱን ሙሉ የሚበላ ሆነ። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ የሁለት መስመር፣ አንዱ ደግሞ ስድብ ነው (እሱንም አስገብቼዋለሁ)። የሁሉንም ስም አውጥቼ ሰፈር ብቻ ትቻለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ መሀል አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ሰው «ሲስተር» ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ዕድሜዬ 27 ነው። ካዛንችስ አንድ ምሽት ቤት ካሸር ነኝ። የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በቀን ስድስት ሰባት ሲጋራ አጨሳለሁ፤ ከማርገዜ በፊት አንድ ፓኮ ይደርስ ነበር። ባለቤቴ አያውቅም። እናቴማ ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም። ለመጀመሪያ ክትትል ስሄድ ካርዱን የምትሞላው ልጅ እናቴ አጠገቤ ቆማ «ሱስ ነገር የለብሽም አይደል?» አለችኝ። የለብኝም አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «በአንዴ ካቆምሽ ጽንሱ ይደነግጣል፣ ቀስ እያልሽ ቀንሺ» ብላኛለች። እስካሁን ያጨስኩት ልጄን ጎድቶት ይሆን? አሁን ማቆምስ ዋጋ አለው? — ስሜ ይቆይ፣ ካዛንችስ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዋጋ አለው፣ በጣም። ከ15ኛው ሳምንት በፊት ጨርሰው ያቆሙ እናቶች ያለ ጊዜው የመውለድና ትንሽ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ጭራሽ ካላጨሱት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። አንቺ 11ኛው ላይ ነሽ። ጊዜ አለሽ። ይህን ስል ግን 15ኛውን ያለፈች አንባቢ «እኔማ አልቆልኛል» ብላ ገጹን እንዳትገልጥብኝ። ልጅ አብዛኛውን ኪሎ የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ በስድስተኛው ወርም በሰባተኛውም ብታቆም ለልጁ ይደርስለታል።

የባልደረባሽን ምክር እርሺው። ጽንሱ የሚቸገረው ሲጋራው ሲመጣ ነው እንጂ ሲቀር አይደለም። ማጨስ ካቆምሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማታጨስ ሴት ደም ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። በአንድ ቀን! (በአንዴ ማቆም የሚያሰጋው መጠጥ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በድንገት ቢያቆም አደጋ አለው። ምናልባት ባልደረባሽ ሁለቱን አምታታቸው ይሆናል።)

«ቀስ እያልሽ ቀንሺ» የሚለው ላይ ሌላም ነገር አለ። ከ20 ወደ 6 የወረደች ሴት ብዙ ጊዜ ያችኑ 6 በጣም ታጠብቃታለች። ወደ ውስጥ ረጅም ትስባለች፣ እስከ ቂጧ ድረስ ታጨሳታለች። ሰውነት የለመደውን ኒኮቲን ካልወሰደ አይለቅም። በዚያ ላይ እርጉዝ ሰውነት ኒኮቲንን ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ስለሚያስወግድ አምሮቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። «ከማርገዜ በፊት እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር» የሚሉኝ ሴቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ፈቃዴ ደካማ ሆኖ ነው አትበይ። ሰውነትሽ ነው።

አሁን ውስጥሽ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ኦክስጅን ቀይ የደም ሴል ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ያንኑ ወንበር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ አስቢው፤ ሰልፉን ጥሶ ገብቶ ወንበር የያዘ ሰው። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፣ እንግዴ ልጁ ጋ ሲደርስ ግን የሚጠበቀው ተሳፋሪ የለበትም። ኒኮቲኑ ደግሞ መንገዱን ያጠባል፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው የደም ሥር ይኮማተራል። ልጁ ሌላ መስኮት የለውም። በእንግዴ ልጁ በኩል ካልመጣለት ከየትም አያገኝም። ይባስ ብሎ ኒኮቲኑም ካርቦን ሞኖክሳይዱም በልጁ ደም ውስጥ ከእናቱ ደም በልጦ ነው የሚገኘው።

ለዚህ ነው የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ሲወለዱ በአማካይ ከ150 እስከ 250 ግራም የሚቀንሱት። ሩብ ኪሎ ቡና ገዝተሽ ታውቂያለሽ፤ ያንን ያህል ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ተኩል ከሚሆን ልጅ ላይ ቢቀነስ ማንም ልብ አይለውም። ከሁለት ኪሎ ተኩል ላይ ሲቀነስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንዳንዶች «ትንሽ ልጅ ለመውለድ ይቀላል» ይሉኛል፣ እየሳቁ። አይቀልም። ኦክስጅን ሲያጥረው የኖረ ልጅ ምጡን የሚችልበት ስንቅ የለውም፣ የልብ ምቱ ይወርዳል፣ ከተወለደም በኋላ ቶሎ ይበርደዋል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል። ለመውለድ ይቀላል ያላችው ሴት፣ እናቲቱ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስታድር አላየችም።

ከኪሎው በላይ እኔን የሚያስፈራኝ እንግዴ ልጁ ነው። በሚያጨሱ ሴቶች ላይ ከመውለጃው ቀን በፊት ከማህፀን ግድግዳ የመላቀቅ፣ ወይ ደግሞ የማህፀን በር ላይ የመቀመጥ ዕድሉ ይጨምራል። ውርጃ፣ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና፣ የሽርት ውሃ ያለ ጊዜው መፍሰስ፣ ልጅ ሆድ ውስጥ መሞት፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ እነዚህም አሉበት። በአንቺ ላይ ይደርሳሉ ማለቴ አይደለም። ብዙ የሚያጨሱ ሴቶች ደህና ይወልዳሉ። ሎተሪ ላይ ብዙ ትኬት እንደመቁረጥ ነው፤ ብቻ ይህኛው ባይደርስሽ የምትመኚው ሎተሪ ነው።

አሁን ስለ ካርዱ። የጤና ጣቢያዋን ልጅ ልቆጣት አልችልም፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለክትትል የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ከአማቷ ጋር ነው የምትመጣው። ግፊቷን ልለካ እጇን ስይዝ ጣቶቿ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታሉ። አዲስ የተላጠ ብርቱካን፣ ጥፍሯ ሥር ሳይቀር ነጩ ነገር ገብቶ። አፏ ውስጥ ሃልስ። እኔ በሆዴ «ብርቱካን አምሯት ነው» አልኩ፣ እንዲያውም ጥሩ ነው ብዬ መከርኳት። በየወሩ ብርቱካን። በ33ኛው ሳምንት ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ደም እየፈሰሳት መጣች። እንግዴ ልጁ ተላቆ ነበር። ወደ ሆስፒታል ላክናት፣ ልጁ 1,600 ግራም ሆኖ ወጣ፣ ሳምንታት በእናቱ ደረት ላይ ታቅፎ ተረፈ። በኋላ ልታሳየኝ ይዛው መጣች፣ ብቻዋን። «ሲስተር፣ እኮ ለብቻዬ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። በልጣጩ ጣቶቿን እየፈተገች ነው ለካ የምትገባው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ እናትሽ ውጭ ይጠብቁ። ማለት የምትችይው ይህን ነው፦ «ሲስተር፣ ለብቻችን የማናግርሽ ነገር አለ»። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ክፍሉ ባዶ ሲሆን በቀን ስንት እንደሆነ በትክክል ንገሪያት። ባለሙያዋ ካወቀች የልጁን እድገት በቅርብ ትከታተላለች፣ የሆድሽን ቁመት በየጊዜው ትለካለች፣ ካስፈለገ አልትራሳውንድ ትጨምራለች። ካላወቀች ብርቱካን ትመክርሻለች።

ማቆሙን እንዴት? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው። ትነጫነጪያለሽ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀልላል። አንዱ አምሮት ራሱ ግን ከመጣ ደቂቃዎች ነው የሚቆየው፤ ያቺን አምስት ደቂቃ ማሳለፍ ነው ዋናው ሥራ። ኪስሽ ውስጥ ላይተር የነበረበት ቦታ ላይ ቆሎ አድርጊ። እየቀለድኩ አይደለም። እጅም አፍም ይይዛል፣ አንድ አንድ ፍሬ እየበላሽ አምስቱ ደቂቃ ያልፋል። ሲጋራሽ ከጀበና ቡና ጋር ከተጣበቀ ለጥቂት ሳምንት ቡናውን ሌላ ቦታ ጠጪ፣ ሲጋራው ሲቆም ደግሞ ቡና ከሰውነት እንደ ድሮው ቶሎ ስለማይወጣ ልብሽን ሊያስመታ ይችላል፣ በእርግዝናም ልክ አለው፣ ስለዚህ አቦሉ ይበቃሻል፣ ቶናና በረካ ይቆዩልሽ። የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ልጥፍ ከፋርማሲ ለመግዛት ካሰብሽ በራስሽ አትጀምሪ፤ ለነፍሰ ጡር በሐኪም ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው።

ለባልሽ መንገርሽን ለአንቺ ትቻለሁ። ቤትሽን አንቺ ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ እሷ አታጨስም። እኔ የማጨሰው በረንዳ ላይ ብቻ ነው፣ በሩንም እዘጋለሁ። አማቴ ግን መጥተው በሰነበቱ ቁጥር «ልጁን ልትገድለው ነው» ይላሉ። አሁን ይሄ ማጋነን አይደለም? — የቤቱ ጥፋተኛ፣ ልደታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አማትህ አባባላቸው ጠንከር ብሏል እንጂ መንገዳቸውን አልሳቱም።

በ2016 (በፈረንጆቹ) የተሠራው አገር አቀፍ የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት እንደሚለው ያኔ ከኢትዮጵያውያን ወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ እውነቱን ተናግረዋል ወይ የሚለው ጥርጣሬ አለኝ፤ እንደ ብርቱካኗ ያሉ አሉና። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። በዚህ አገር ነፍሰ ጡር ሴት ዘንድ የሚደርሰው ጭስ በአብዛኛው የሌላ ሰው ጭስ ነው። የአንተ ዓይነት ሰው ጭስ።

የማታጨስ እናት የሌላ ሰው ጭስ አዘውትራ ስትስብም የልጁ ክብደት ይቀንሳል። ጉዳቱ ራሷ ከምታጨሰው ያንሳል፣ ግን አለ። በረንዳው ከሳሎን ይሻላል፣ አልክድም። ግን የኮንዶሚኒየም በረንዳ ታውቀዋለህ፣ መስኮቱ ከጎኑ ነው፣ ልብስ እዚያው ይሰጣል፣ የሕፃኑም ጨርቅ ነገ እዚያው ነው የሚሰጣው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንኳ ማጨስ በተከለከለበት ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት በርና መስኮት 10 ሜትር ዙሪያ አይጨስ ይላል። አዋጁ ቤትህ አይገባም፣ ጭሱ ግን ሕዝብ ያለበት ቤትና ሚስትህ ያለችበት ቤት ለይቶ አያውቅም። ወደ ግቢው ወርደህ፣ ራቅ ብለህ አጭስ። ደረጃ መውጣት መውረዱ ራሱ ቁጥሩን ይቀንስልሃል፣ በተለይ አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ነው። ደህና ተኝቶ የነበረ ጨቅላ እንቅልፍ ላይ እንዳለ የሚቀርበት ድንገተኛ ሞት አለ። ጭስ ባለበት ቤት ይህ ይጨምራል፣ እናቲቱ በእርግዝና ስታጨስ ከነበረ ደግሞ ዕጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ «እናቱ ተጫነችው» ተብሎ ነው የሚታለፈው፣ ያቺን ምስኪን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ጥፋተኛ አድርጎ። ሕፃኑን በጀርባው አስተኙት፣ በሆዱ አይደለም። ከእናንተ አጠገብ ይሁን፣ ግን የምታጨስ ከሆነ አንድ አልጋ ላይ አብራችሁት አትተኙ። አጭሰህ ስትመጣ ጃኬትህን በር ላይ ጣል፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ አንሳው። «ማርያም ማርያም» ሊል የመጣውንም ጓደኛህን እንደዚያው አድርገው፤ ይቀየማል ብለህ አትፍራ፣ ገንፎው ሲቀርብ ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ሲጋራ በአፌ አልዞረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሰው ቤት ጫት እንቅማለን፣ ሺሻም አለ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጫቱን ቀነስኩ። ሺሻው ግን ውሃ ስለሚያጣራው ችግር የለውም አይደል? ሽታውም አይከብድም። — ከስታዲየም ጀርባ

መልስ፦ ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ አያጣራውም። የቀዘቀዘ ጭስ ጉሮሮ ስለማይቆርጥ ረጅም ያስስባል፣ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደጻፈው አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ 100 ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ከላዩ ደግሞ ከሰል አለ። ከሰሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚያመነጨው፤ ከላይ ያልኩት ሰልፍ ጣሽ ማለት ነው። የፖም ሽታው ምንም አይለውጠውም። በነገራችን ላይ ሺሻ በዚያው በ1112 አዋጅ የተከለከለ ነው፣ ግን አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ፖሊስ ስላልሆነ ልተወው።

ጫቱንም «ቀነስኩ» አልሽ። ተይው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ትንሽ ክብደት ካለው ልጅ ጋርም ተያይዞ ይጠቀሳል። ከምርቃናው በኋላ እንጀራ የማይወርድልሽን ታውቂዋለሽ፤ ልጁ ያንን ቀን ጾሙን ይውላል። ከጫቱ በኋላ የሚጠጣውን ጨብሲውን አልጠየቅሽኝም፣ እሱም ይቅር። ጓደኞችሽን ተዪ አላልኩም። ቅዳሜ ላይ የተለየ ቦታ ቀጥሪያቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። የአምስት ወር ነኝ። ደንበኞች ውስጥ ያጨሳሉ፣ አለቃዬ «ደንበኛ አታስቀይሚ» ይላል። ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። ምግብ ቤትም ቡና ቤትም መጠጥ ቤትም ሆነ ማንኛውም ዝግ የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ «የአጫሾች ጥግ» የሚባል ነገርም አያድነውም። ግን አዋጅ ይዘሽ አለቃ ፊት መቆም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ኪራይ የሚከፍልልሽ አዋጁ አይደለም። ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሪ። መተርኮሻዎቹን ከጠረጴዛ ላይ አንሺያቸው። የሚገርመው፣ መተርኮሻ የሌለበት ጠረጴዛ ላይ ግማሹ ሰው ሳይጠየቅ ይወጣል። ከዚያ ለአለቃሽ ስለ ቅጣቱ ንገሪው እንጂ ስለ ሳንባሽ አትንገሪው፣ ቅጣቱ ነው የሚገባው። በረንዳው ወይም ወጥ ቤቱ በኩል ምድብ ይቀየርልሽ ዘንድ ከጤና ጣቢያሽ ወረቀት ጠይቂ፤ እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ቬፕስ? ትምባሆ የለውም።

መልስ፦ ቬፕ (በባትሪ የሚሠራው ሲጋራ) አብዛኛው ኒኮቲን አለው። የደም ሥር የሚያጠበው ኒኮቲኑ ነው፣ የልጁ አንጎልና ሳንባ አሠራር ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። «ላይት» እና ቀጫጭን ሲጋራ ለጠየቃችሁም መልሱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲስተር፣ እኔ ደጃች ውቤ ያደግሁ ሰው ነኝ። በጊዜዬ ግስላ አጨስ ነበር፣ በድብቅም አልነበረም። አራት ወልጃለሁ፣ አንዱ ኢንጂነር ነው። አሁን ያሉት ሐኪሞች ሰው ለማስፈራራት ነው? — አያት

መልስ፦ እማማ፣ አራቱንም ያሳድግልዎ፣ ኢንጂነሩንም። ደጃች ውቤ ያደገ ሰው ላይ ቃል አልጨምርም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ አራቱ ሲወለዱ ስንት ኪሎ ነበሩ? በዚያ ጊዜ ብዙ ልጅ ቤት ውስጥ ስለሚወለድ የሚመዝን አልነበረም። አሁን እንመዝናለን፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ደግሞ ከጎረቤት ልጇ የሞተባትን ሴት ማንም «ታጨስ ነበር ወይ» ብሎ አልጠየቃትም። የእርስዎ ወጣላቸው። የልጅ ልጅዎ ካረገዘች ግን ግስላውን አይንገሯት፣ ወይም ልጁ ተወልዶ ክርስትና ላይ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ወሬ ነው። በእርግዝናዬ አቁሜ ነበር፣ አሁን በቀን ሦስት አራት ጀመርኩ። ጡት ላቁምና ጣሳ ወተት ልስጠው? — ስድስት ኪሎ

መልስ፦ አታቁሚ! ይህን ጥያቄ ስለላክሽልኝ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙዎች ሳይጠይቁ ነው ጡት የሚተዉት። እያጨሱም ቢሆን ጡት ማጥባት ከጣሳው ይሻላል፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ከሳንባና ከጆሮ ኢንፌክሽን የሚያገኘው መከላከያ በተለይ ጭስ ላለበት ቤት ልጅ ያስፈልገዋል።

ኒኮቲን ወተት ውስጥ ይገባል፣ ልክ ነው። ወተቱን ሊቀንስም ይችላል፣ ልጁም እንቅልፉ ሊያጥር ይችላል። ነገር ግን ከወተት ውስጥ ቶሎ ነው የሚወጣው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ግማሹ ይወርዳል። ስለዚህ እስክታቆሚ ድረስ ቅደም ተከተሉን ቀይሪው፦ መጀመሪያ አጥቢ፣ ከዚያ ውጭ ወጥተሽ አጭሺ። አጭሶ ማጥባትን ተዪ። ልብስ ላይ የምትደርቢው አንድ ነጠላ ወይም ሸሚዝ ይኑርሽ፣ ስትመለሺ አውልቂው።

አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ በእርግዝና ካቆሙት ብዙዎች ከወለዱ በኋላ ይመለሱበታል። እንቅልፍ የለም፣ ብቸኝነት አለ፣ «ልጁ ወጣ፣ አሁን የራሴ ነው» የሚል ስሜትም አለ። ዘጠኝ ወር ያቆመች ሴት ማቆም አትችልም ብሎ የሚያሳምነኝ ግን የለም። ደግሞ ሐዘን፣ ማልቀስ፣ ልጁን ማየት ያለመፈለግ ነገር ካለ ከሲጋራው በፊት እሱን ለባለሙያ ንገሪ።

«ጥያቄ»፦ ሴት ልጅ ስታጨስ ነውር ነው፣ ነፍሰ ጡር ስታጨስ ደግሞ ወንጀል ነው። እናንተ ትመክራላችሁ፣ መወገዝ ነው ያለባት። — አምባሳደር አካባቢ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ውግዘቱ ተሞክሯል። ብርቱካን ልጣጭ አስተማረ እንጂ ሲጋራ አላስጣለም። አንተ ራስህ ታጨሳለህ? ሚስትህ ፊት? እዚያ ላይ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል፣ ዕጣንም አለ፣ ከሰሉም ክፍሉ ውስጥ ነው። ይሄስ ጭስ አይደለም? — አራት ኪሎ

መልስ፦ ነው። የከሰልና የማገዶ ጭስም ከትንሽ ክብደት ጋር ይያያዛል፣ ከሰል በዝግ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰው ይገድላል፣ አራስ ቤት በሩን ዘግቶ «ይሙቃት» የሚባለው እኔን ሁሌ ያስጨንቀኛል። ከሰሉን ውጭ አያይዙት፣ እሳቱ ፍም እስኪሆን ይቆይ፣ መስኮት ይከፈት። ዕጣኗን ቁንጥር አድርጉ። ቡናውን አልነካባችሁም።

እትሙ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ካዛንችስዋ ልጅ መልሳ ጻፈችልኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሲስተር፣ መልሱን ቀድመሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ለአዋላጇ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፣ ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና እጄን ያዘችው። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ አንዱ ደንበኛ ሒሳብ ሊከፍል መጥቶ ፊቴ ላይ ሲጋራ ለኮሰ። እጄ ሊንቀጠቀጥ ነው። እጄን ኪሴ ሳስገባ ቆሎው አልቋል። ምን ይደረጋል?»

እህቴ፣ ሱቅ በደረቴው ልጅ በርሽ ላይ እስከ ስድስት ሰዓት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ሲጋራ ስትገዢበት የነበረው እሱ ነው፣ ቆሎም ይዟል። ሁለት ከረጢት ግዢ። አንዱን ለነገ።